ካፖርት ያሸነፈው መንዘሪያ

የምስክር ቃል

ስም፦ ዋንጌቺ ንዱንጉ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የሰልባጅ ካፖርት ነጋዴ
አድራሻ፦ ሊሙሩ፣ ከገበያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 2019

በኤሌክትሪክ የሚነዝረውን የእጅ መሣሪያ የሰጠኝ የወንድሜ ልጅ ኪኑቲያ ሲሆን፣ ሲሰጠኝም «አክስቴ፣ ይኼ ካለሽ ማንም አይነካሽም» ብሎኛል። እኔም አምኜው በሽርጤ ኪስ ሸጉጬ ስንጎራደድ ሰነበትኩ።

ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ጎረምሳ ቦርሳዬን ከትከሻዬ መነተፈኝ። ክንዱን ይዤ መሣሪያውን ጀርባው ላይ ለጥፌ ተጫንኩት። ጣጣጣ ብሎ ጮኸ፤ ብልጭታም ታየ። ጎረምሳው ግን ንቅንቅ አላለም። ዞር ብሎ «እማማ፣ ይኼን ካፖርት ምንም አያልፈውም ብለሽ የሸጥሽልኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለኝ። ሳየው እውነትም የእኔ ካፖርት ነው፤ ባለ ድርብ ገበር። በዕቃዬ ኮራሁ፤ በመሣሪያው ግን ተናደድኩ።

መሣሪያው ይጠቅማል ወይ ተብዬ ስጠየቅ የምመልሰው፣ ገላ ካላገኘ አይሠራም ነው። በሊሙሩ ብርድ ሌባውን «እባክህ ቁልፍህን ፍታልኝ» ብዬ ልለምነው?

በንዴት «ሌባ!» ብዬ ጮኽኩ። እኛ ገበያ እንዲህ ተብሎ ከተጮኸ ምን እንደሚከተል እያወቅኩ ከአፌ አመለጠኝ። ሕዝቡ ድንጋይና ዱላ ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ሊያቃጥሉት ጎማ የሚያንከባልሉም አየሁ። ጎረምሳው ቦርሳዬን ጥሎ እግሬ ሥር ተወሸቀ። «እማማ፣ አስጨረሽኝ!» ሲል አንጀቴን በላው። እኔም በጣም ፈራሁ።

ከፊት የነበረው ድንች ሻጩ ንጆሮጌ ነው። ጆንያ ሊሸከም ኮቱን አውልቆ በሸሚዝ ብቻ ነበር። «አንቺ ዋንጌቺ፣ ዞር በይ ብያለሁ!» ሲለኝ መሣሪያውን ወደ ደረቱ ዘርግቼ አስጮህኩት። «ኧረ ይቺ ሴትዮ አብዳለች!» ብሎ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ሌሎቹም ተከትለውት ሸሹ። ማንንም አልነካሁም። እንዲሁ እያስጮህኩ ልጁን በካፖርቱ አንገትጌ ጎትቼ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በር አመጣሁት።

ቦርሳዬን አግኝቻለሁ፤ የጎደለኝ የለም። ይህ ቃል ተነቦልኝ፣ ሐሰት እንደሌለበት አረጋግጬ በፈቃዴ ፈርሜያለሁ። ለምን እንደሰረቀ ግን እኔን አትጠይቁኝ፤ በሕይወት አለ፣ ራሱ ይናገር።

የምስክር ፊርማ፦ ዋንጌቺ ንዱንጉ
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ኦቺዬንግ