ስም ያልወጣላቸው ሕፃናት መዝገብ

ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌና ከየቀበሌው ለዚህ ቀብር የመጣችሁ ወገኖች፣ የሲስተር ጌታነሽ ገሠሠ ዜና ሕይወት የሚነበብላችሁ ሐዘናችሁን ለማቅለል አይደለም፤ የጻፈው ሰው አንጀቱ አሯልና እንዳለ ስሙት።

ሲስተር ጌታነሽ ከአባታቸው ከአቶ ገሠሠ አበጀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሸዋ ለማ በዘመሮ አካባቢ ሚያዝያ 1956 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የጎረቤቱን ወሬ ከቁብ ሳይቆጥሩ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይተው ስላስተማሯቸው፣ በነርስነትና በአዋላጅነት ሠልጥነው፣ በሌላ ክፍለ ሀገር ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ለትውልድ ቀያቸው ቅርብ ወደ ሆነ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ ከመምህር አንዷለም ጋር ትዳር መሥርተው ሰርካለምንና አብርሃምን አፍርተዋል።

በተዛወሩ በዓመቱ ያዋለዷት አንዲት ሕፃን አከርካሪዋ ወገቧ ላይ ሳይገጥም ተወልዳ በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና አልተነሣችምና ፍትሐት አልተደረገላትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ተቀበረች፤ ስም አልነበራትም፤ ለቅሶ የተቀመጠላትም፣ በወረቀት ያሰፈራትም አልነበረም። ሲስተር ጌታነሽን ይህ አንገበገባቸው። ሰማያዊ መዝገብ ገዝተው እንዲህ ሆኖ የተወለደውን ሁሉ፣ እናቲቱም በፀነሰችበት ወር ምን ትበላ እንደነበር እየጠየቁ ይጽፉ ጀመር። የሕፃን አከርካሪ የሚገጥመው እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ፣ በመጀመሪያው ወር መሆኑን ከመጻሕፍት ተረድተው ስለነበር፣ ለዚህ የሚረዳው የፎሊክ አሲድ ኪኒን ሆዷ ከገፋ በኋላ መታደሉ ያበሳጫቸው ነበር፤ ለሚመለከተው ሁሉ ቢጽፉም ጆሮ ዳባ ልበስ ተባሉ።

በ1997 ዓ.ም. የፅንስ አከርካሪ ዕድገትን የሚያጠኑ ሰዎች ከከተማ መጥተው መዝገቡን ከገለበጡ ከወራት በኋላ የላኩላቸው ደብዳቤ፣ የተጻፉት ሃያ ሦስት ሕፃናት ብቻ ስለሆኑ ለጥናት አይበቁም የሚል ሁለት መስመር ነበር። ቁጥሩ ያነሰው እኛ ስለደበቅን ነው። ዘራችን ክፉ ነው እንዳይባል፣ ልጆቻችንም የሚያገባቸው እንዳያጡ፣ የሞተብንን ሁሉ ውርጃ ነው እያልን ሸኘናቸው። በዚያ ውርጭ መዝገባቸውን አቅፈው በየደጃችን ሲቆሙ ዐይናችንን በጨው አጥበን ዋሸናቸው። ዛሬ ደረታችሁን የምትደቁት ያን ጊዜ የት ነበራችሁ?

በ2000 ዓ.ም. ትንፋሽ ያጥራቸው፣ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉም ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። ጭንቀት ነው፣ ደም ማነስ ነው እየተባሉ ሁለት ዓመት ኪኒን ተሸክመው ከተመላለሱ በኋላ፣ አዲስ አበባ ላይ ልባቸው በአልትራሳውንድ ሲታይ ማይክሶማ የሚባል፣ ሐኪሞች ከስንት አንዴ የሚያዩት ዕጢ በግራው የልባቸው ክፍል ተገኘ። ቢወጣ ይድኑ ነበር። ነገር ግን ለቀዶ ጥገናው ወረፋ ጠብቁ ተባሉ። እንዲህ ያለውን ብርቅ ዕጢ የሚያጠና ሐኪም ስለ ሕመማቸው ለመጻፍ ፈቃድ ሲለምናቸው፣ አንድም ቢሆን ይቆጠር ብለው ፈረሙለት። የእሳቸው አንድ ልብ ለጥናት ከበቃ ሃያ ሦስት ሕፃን እንዴት አይበቃም? ወረፋው ሳይደርሳቸው ትናንት፣ ጥቅምት 18 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

መዝገቡ እስከ ዕለተ ሞታቸው ከራስጌያቸው አልተለየም፤ ሠላሳ አንድ ሕፃናት ተጽፈውበታል። መካከል ላይ ግን በእርሳስ “የዳኜ ልጅ” ብቻ ተብሎ ቀሪው ባዶ የተተወ አንድ መስመር ነበር። ዳኜ ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ይህን የሚያነብላችሁም እሱ ነው። ሚስቱ ብርነሽ በ1991 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ስትወልድ የሕፃኑ ወገብ ክፍት መሆኑን አይቶ፣ አዋላጅ እህቱ ከደጁ ሳትርቅ ልጁን ደበቃት፤ ልጁ ሲሞት ከቅጽሩ ውጭ ቀበረው፤ ብርነሽንም አስወረደኝ በይ ብሎ አፏን አስያዛት። ሲስተር ጌታነሽ መዝገቡን ይዘው ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ መስመሩን ክፍት አድርገው አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቁት።

ሲስተር ጌታነሽ በሞት የተለዩት ባለቤታቸውን መምህር አንዷለምን፣ ልጆቻቸውን ሰርካለምንና አብርሃምን፣ እናታቸውን ወይዘሮ ጥሩሸዋን፣ እንዲሁም የማይረባ ወንድማቸውን ነው። ቀድሟቸው የሄደ አንድ የወንድም ልጅም ነበራቸው፤ ግንቦት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. ተወልዶ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። መስመሩን ዛሬ ጠዋት አባቱ በእስክርቢቶ ሞልቶታል። መዝገቡ ከድንኳኑ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከቀብር ስትመለሱ፣ እጃችሁን ከመታጠባችሁ በፊት፣ የደበቃችሁትን አጽፉ።

እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን እሳቸው ከቆጠሯቸው ሕፃናት ጋር ያሳርፍልን። አሜን።