ሌባ የሚጣልበት አገር

የእድሩ ድንኳን ከተሰረቀ ወዲህ አቶ ይገዙ ሰውን በደህና ዓይን አላዩም። የእድር ዳኛ ናቸውና ነገሩ ከማንም በላይ የቆረቆራቸው እሳቸውን ነው። ጥቅልል ነገር የተሸከመ ሰው ሲያልፍ ዓይናቸው ሸክሙ ላይ ተተክሎ ይቀራል። ባለፈው ሰሞንማ ምንጣፍ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ዲያቆን አስቁመው ጫፉን ገልጠው አይተዋል። ዲያቆኑ ታጋሽ ባይሆን ኖሮ ምን ሊላቸው እንደነበር እንጃ።

ያን ቅዳሜ ቆሼ ወርደው፣ ከቆሻሻው ክምር ዕቃ እየለቀሙ የሚሸጡትን ሰዎች «ሸራ አይታችኋል?» እያሉ ሲያደርቁ አረፈዱ። አንዲት ክር አላገኙም። ሲመለሱ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ መምህርት ሰብሌን አገኟት። ሰብሌ የጎረቤታቸው የገብረወልድ ልጅ ናት፤ ታሪክ ታስተምራለች። አውቶቡሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሳይቆም ስላለፋቸው ወደ ኮልፌ በእግር ተያያዙት።

«ዛሬ ከሰዓት የእድር ስብሰባ አለ አሉ፣ ጋሼ ይገዙ» አለች ሰብሌ፣ የቤተሰብ ደህንነት ተጠያይቀው ካበቁ በኋላ።

አቶ ይገዙ ቀና ብለው አዩዋት። በዚያ በደርግ ጊዜ ሰው ከጠየቀ ለምን ጠየቀ ይባላል፤ ዝም ካለም ለምን ዝም አለ ይባላል። እሳቸው ደግሞ በዚህ ከሰው ሁሉ የባሱ ናቸው።

«አለ። ለአንቺ ማን ነገረሽ?»

«ወይዘሮ ወለተጻድቅ ናቸው። ትናንት ቤታችን መጥተው ሲያለቅሱ አመሹ። እውነት አምሐን ለቀበሌ ልትሰጡት ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆላ ያለው የመንግሥት እርሻ ሠራተኛ አጥሮት ከየሠፈሩ ሥራ ፈት ይላክ ተብሏል። የቀበሌው ሊቀመንበር የድንኳኑን ስርቆት ሲሰማ «ሌባችሁን ስጡን። ሰኞ መኪና ይመጣል፤ እናንተም ትገላገላላችሁ» አለ። አቶ ይገዙ ሌባውን ለማወቅ በተወለዱበት በመርሐቤቴ ደንብ አውጫጭኝ አስቀመጡ። በዚህ ደንብ ሰው ሁሉ አንድ ባንድ እየቀረበ የሚጠረጥረውን ለሽማግሎች በጆሮ ይነግራል። አይተሃል ወይ፣ ከማን ሰማህ ተብሎ አይጠየቅም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ካለ ይበቃዋል። ወፊቱ ታዲያ ያወጣችው አንድ ስም ብቻ ነበር። አምሐ፣ የወይዘሮ ወለተጻድቅ አንድያ ልጅ። ቆሼ ብረታ ብረት እየለቀመ የሚሸጥ፣ ከዚህ ቀደምም የጎረቤት ዶሮ ሰርቆ የተያዘ ወጣት ነው።

«ታዲያ ሌባን ምን እናድርገው? አቅፈን እንሳመው?» አሉ አቶ ይገዙ። «ከመሀላችን ይውጣልን። ሠፈሩ ይጽዳ።»

«እንግሊዞችም እንዲሁ ብለው ነበር።»

«የምን እንግሊዝ አመጣሽብኝ ደግሞ?»

ሰብሌ ወደኋላ ገልመጥ አለች። አንድ ባለካፖርት ሰውዬ እየተከተላቸው ይመጣ ነበር። ቆም ብላ ሻርፗን እያስተካከለች እስኪያልፋቸው ጠበቀች። ይህን ሲያዩ የአቶ ይገዙ ጥርጣሬ ባሰበት። ይቺ ልጅ ምን ልታወራኝ ነው? ወይስ አስለፍልፋ ልታስበላኝ ነው? ትንሽም ቢሆን ራቅ ብለው መራመድ ጀመሩ።

«ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው፤ የተፈቀደ ትምህርት ነው» አለች ገብቷት። «የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ እንግሊዝ አገር ሌባ በዛ። ገበሬው ከመሬቱ እየተነቀለ ከተማ ገባ፤ ሥራ ጠፋ፤ ሰዉ ተራበ። መሐረብ የሰረቀ፣ ቁራጭ ጨርቅ የሰረቀ፣ በግ የነዳ ይያዛል። ሕጉ ለብዙው ስርቆት ስቅላት ነበር። ይህን ሁሉ ሰው መስቀል ሲከብዳቸው በመርከብ እየጫኑ ባሕር ማዶ መጣል ያዙ። በኋላም አውስትራሊያ ድረስ። መንገዱ ብቻ ወራት ይፈጃል። ለስርቆት ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት ነው፤ ሲብስ ዕድሜ ልክም አለ።»

«ደግ አደረጉ። ከገመድ አይሻልም?»

«ይሻላል፤ እሱን አልክድዎትም። ግን ሌባው ያለቀላቸው ይመስልዎታል?»

«አላለቀም?»

«አውስትራሊያ ብቻ ሰማንያ ዓመት ያህል ሲጭኑ ኖሩ፣ ጋሼ። ሌባ በመጫን ቢያልቅ ኖሮ በመጀመሪያዎቹ መርከቦች ባለቀ። ባል ሲጫን ሚስት ከነልጆቿ ሜዳ ላይ ትቀራለች። የምታበላቸው ስታጣ እሷም ትሰርቃለች፤ እሷንም ይጭኗታል። ሰዉን ጫኑት እንጂ ረሀቡን ማን ጫነው?»

አቶ ይገዙ ገበሬ ሆነው ያደጉ ናቸውና ሌላ ነገር ከነከናቸው። «ሌባ የሚጣልበት ያ አገር ባለቤት አልነበረውም?»

«ነበረው እንጂ። ባለአገሩ ማንም ሳያማክረው ከመሬቱ ተገፋ፤ ብዙው አለቀ።»

«ኧረ ጉድ። የተላኩትስ ፍርዳቸውን ሲጨርሱ ይመለሱ የለም?»

«ይመለሱ ይላል ሕጉ። መሳፈሪያ የሚቆርጥላቸው ግን የለም። አብዛኛው እዚያው ቀረ። እናት ልጄ አለ ትበል፣ ሞተ ትበል፣ ሳታውቀው ትኖራለች።»

ከዚያ አቶ ይገዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰብሌ፣ እውነት ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው የምታወሪኝ?» አሏት።

«ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው» አለች ፊቷን ሳታዞር። «የአገራችንን እርስዎ ያውቁታል።»

ሽማግሌው በዚህ ብቻ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። የተማረ ሰው ስለ ሩቅ አገር ሲያወራ መስማት ይወዳሉ፤ ስለ ራሳቸው ደጅ ሲሆን ግን አይዋጥላቸውም። «የእነሱ ዳኛ ተሳስቶ ይሆናል። እኛ ግን አውጫጭኝ ተቀምጠናል። አንድ እድር ሙሉ ሰው አንድ ስም ከጠራ ይሳሳታል?»

«እዚያ እንኳ ከሳሹ በስሙ ቆሞ፣ ተከሳሹ እየሰማ ነበር የሚመሰክረው። አምሐን ሲሰርቅ ያየው ማን ነው?»

«ወፍ አይጠየቅም፤ ደንብ ነው።»

«ደንቡን አልነካብዎትም። እርስዎ ራስዎ ግን የአምሐን ነገር ከማን ሰሙ?»

«ከበዛብህ ነዋ። የታመነ ሰው ነው።»

ይህን ሲባባሉ ኮልፌ ገበያ ደርሰው ነበር። የቆርቆሮ ሠራተኛው በዛብህ ሱቁ በር ላይ ባልዲ እየጠገነ ነው፤ ሚስቱ አጸደ አጠገቡ ተቀምጣ ኩራዝ ትሸጣለች። አቶ ይገዙ ልጅቷን አፏን ሊያስይዟት ቀጥ ብለው ሄዱ።

«በዛብህ፣ አምሐን በዓይንህ አይተኸዋል አይደል?»

በዛብህ መዶሻውን አስቀመጠ። «እኔማ አላየሁም፣ ጋሼ። ከአጸደ ነው የሰማሁት።»

«አጸደስ?»

አጸደ ግራ ገብቷት አንዴ ባሏን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። «ከእርስዎ ነዋ» አለች። «ድንኳኑ የጠፋ ዕለት እዚሁ በር ላይ ቆመው ‹ከአምሐ ሌላ ማን ይሆናል?› አላሉም? የእድር ዳኛ ሳያውቅ አይናገርም ብዬ ለሁሉም ነገርኩ።»

አቶ ይገዙ ያን ዕለት የተናገሩት ትዝ አላቸው፤ በንዴት አፋቸው ላይ የመጣ ነገር ነበር እንጂ ምንም ያዩት አልነበራቸውም። ሰብሌ ልትናገር ትችል ነበር፤ ዝም አለች። ሰውን በሰው ፊት ማሳፈር ትምህርት አይደለምና ደግ አደረገች። አንድ ጥርጣሬ ከአንድ ሰው አፍ ወጥቶ ሠፈር ሲዞር ይውልና፣ ሲመለስ የብዙ ሰው ምስክርነት መስሎ ይገባል። የተናገረውም ሰው ሳይቀር ያምነዋል።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ተጀመረ። አምሐ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከአጠገቡ አሉ። ሊቀመንበሩ «እህ፣ ጓዶች፣ ሌባው ማነው?» ሲል አቶ ይገዙ ተነሡ።

«በአውጫጭኙ የተናገረችው ወፍ እኔ ነኝ» አሉ። «ሳላይ ተናገርኩ፤ ሰዉ ደግሞ እኔን አምኖ ደገመው። አሁን በዓይኑ ያየ ካለ በስሙ ይነሣና አምሐ እየሰማ ይናገር።»

የተነሣ ሰው የለም።

ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ። «የመንግሥትን ሥራ ልታደናቅፉ ነው እንዴ?»

አቶ ይገዙ ፈሩ። ቢሆንም አልተቀመጡም። «ሌባው ሲገኝ ራሴ አምጥቼ ለሕግ አስረክባለሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሲሰርቅ ያልታየን ሰው ግን መኪና ላይ አልጭንም።»

ያን ዕለት እድሩ ወፍ የሚባለውን ነገር አስቀረ። ከእንግዲህ ከሳሽ በስሙ፣ በተከሳሹ ፊት ይናገራል፤ ዕቃ ቤቱም በተራ ይጠበቃል ተባለ። ደንቡ ውሎ አድሮ ጠቀመ። ክረምት ላይ የእድሩ ትልቁ ድስት ሲወሰድ ያየች ሴት ሳትፈራ በስሟ ተናገረች፤ ድስቱ በማግስቱ ተመለሰ፤ የወሰደውም ሰው የዕቃ ቤቱን አጥር አጥሮ ካሰ። ሰው በጎረቤቱ ላይ ማንሾካሾኩን ሲተው ሰላምታውም ሞቅ አለ። አቶ ይገዙም ቢሆኑ የሰው ሸክም መግለጥ ትተዋል፤ ማየቱን ግን አልተዉም።

ይህ ሁሉ ከመታየቱ በፊት ግን፣ ከስብሰባው ቀጥሎ ያለው ሰኞ መጣ። መኪናው ከሌላው ሠፈር የለቀመውን ሰው ጭኖ ሄደ። ወዲያው ወይዘሮ ወለተጻድቅ የአቶ ይገዙን በር አንኳኩ። አቶ ይገዙ ለምስጋና የመጡ መስሏቸው «ይተዉት፣ ግድ የለም» ማለት ጀመሩ።

«ላመሰግን አይደለም የመጣሁት» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ። «ልጄ አልሰረቀም ብዬ አልምልልዎትም፣ አቶ ይገዙ። ከእርስዎ በፊት የጠረጠርኩት እኔ ነኝ። ጭነውት ቢሄዱ ኖሮ እስክሞት ድረስ ሰርቆ ይሆን፣ ሳይሰርቅ ቀርቶ ይሆን ስል እኖር ነበር። አሁን ግን ይኸው ቤት ተቀምጧል። ይምጡ፣ አብረን እንጠይቀው።»

አቶ ይገዙ ጋቢያቸውን ደርበው ተከተሏቸው።