ከክምሩ የተወሰደ አፈር

በሰፈራችን ሊሠራ ስለታሰበው ክሊኒክ መሬት መጀመሪያ የሰማሁት፣ ከሲግናል ሰፈር በተሳፈርኩበት ሰይቼንቶ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠውን የግንባታ ሠራተኛ ሲጠይቁት ነው።

«ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ መሙላት ምን የሚሉት ሥራ ነው፣ ልጄ?»

«ጥቁሩ አፈር ውሃ አቁሯል፣ እማማ። በአሸዋው በኩል ይወጣል።»

«ማን ያስወጣዋል?»

«ከላይ የከመርነው ቀይ አፈር ተጭኖ ይጨምቀዋል። ያኔ መሬቱ ቶሎ ይጠነክራል፣ ክሊኒኩም ይሠራል። ግን ሰዉ ትርፍ እየመሰለው ክምሩን ዝቆ ጨረሰው!»

«ውይ በሞትኩት! እኔም ሁለት ጆንያ ወስጃለሁ።»

«ይመልሱልና፣ ጓድ እማማ!»

«ግድግዳዬ ላይ ተመርጓል እኮ! ክሊኒክ ይሠራልን ብዬ ቀበሌ ሄጄ የጮህኩት ደግሞ እኔው!»

ወለሌን በዚያው አፈር የደለደልኩት እኔ አንገቴን ደፍቼ በልቤ «ማረኝ» አልኩ፤ ዛሬ ሩቅ ነኝና፣ እዚያ የነበራችሁ፣ ክሊኒኩ ተሠርቶ እንደሆነ እባካችሁ ጻፉልኝ።