ለልጄ የጻፍኩት ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ

ክቡራትና ክቡራን፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሦስተኛውንና የመጨረሻውን ማስጠንቀቂያ አስፈርሜ ልኬአለሁ። የተላከው ለትምህርት ውጭ አገር ሄዶ ላልተመለሰ አንድ መምህራችን ነው። መምህሩ ልጄ ነው።

ዲናችን አንገታቸውን ደፉ። ቀና ይበሉ እንጂ! እርስዎ የፈረሙት እኔ የጻፍኩትን ነው። ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁም ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናችኋለሁ።

በዚህ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። የትምህርት ፈቃዱ አልቆ ላልተመለሰ መምህር ሦስት ደብዳቤ ይጻፋል። ከሦስተኛው በኋላ ቦታው ለሌላ ሰው ማስታወቂያ ይወጣበታል። ሁሉንም የምጽፈው እኔ ነኝ። በሌለሁበት «እትዬ ማስጠንቀቂያ» እንደምትሉኝ የማላውቅ መሰላችሁ?

ለልጄ ሁለተኛውን ስጽፍ ግን እጄ አመለጠኝ። «በአስቸኳይ በሥራ ገበታዎ ላይ እንዲገኙ» ካልኩ በኋላ «ብርዱ ከብዷል አሉ፣ ሹራብ ደርብ» ብዬ ጨመርኩ። ዲኑ አስጠሩኝ።

«እትዬ፣ ማስጠንቀቂያ ላይ ሹራብ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ታዲያ?»

«አወጣዋለሁ» አልኩ። አወጣሁት።

ደብዳቤው በደረሰው በሳምንቱ ልጄ ደወለ።

«እማዬ፣ ደብዳቤሽ ደረሰኝ።»

«የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«እሺ፣ መሥሪያ ቤቱ ና ይላል። አንቺስ?»

ምን ልበለው? እዚያ ሙሉ ቤተ ሙከራ አለው። እዚህ የሚጠብቀው መሣሪያ ከቆመ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የጥገና ሰዎች ታውቃላችሁ።

«እንዳመችህ» አልኩት። ስልኩን ሳልዘጋው ውሸቴን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

እኔ ደብዳቤ ጮክ ብዬ ካላነበብኩ ስህተቱ አይታየኝም። ባለፈው እሑድ ቤቴ ቁጭ ብዬ የሦስተኛውን ረቂቅ ሳነብ ጎረቤቴ ብቅ አለች። «ልጅሽ መጣልሽ እንዴ? የሰው ድምፅ ሰምቼ እኮ ነው» አለችኝ።

«የለም፣ እኔው ነኝ» አልኳት። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የማነበው ደብዳቤም የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ቁልፍ ካስረከብኩ በኋላ ቁጥርም ግልባጭም የሌለው ደብዳቤ ጻፍኩለት። «መሣሪያው አልተጠገነም። ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ብትመጣልኝ ደስ ይለኛል፤ ብትቀርም አልቀየምህም» ይላል። ፎቶ አንስቼ በስልክ ላክሁለት። አንብቦታል። መልስ አልሰጠም።

ወዳጆቼ፣ ፈጣሪ ጤና ይስጣችሁ። ከሄዱባችሁ ጋር በሰላም ያገናኛችሁ። ለመሄድ የምትሰናዱ ወጣቶችም መንገዳችሁ ይቅና፤ በሄዳችሁበት የሚያስባችሁ ሰው አትጡ።

በእኔ ቦታ የምትቀመጪው እህቴ፣ አንቺንም ሥራው ይቅናሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የልጄ ቀነ ገደብ የሚያበቃው የፊታችን ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እባክሽ፣ ከዚያ በፊት ፋይሉን አትዝጊው።