የዛገው ምስማር

ደሴ፣ ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ነጃትን ከወለደች ሠላሳ ቀን የሆናት ዘይነባ በምስማር የተመታውን የጓዳ መስኮት ልትከፍት ጉጠት ይዛለች፤ አባቷ አቶ ይመር በሩ ላይ ቆመዋል።

ይመር፦ ጉጠቱን አስቀምጪ። አራስ ምስማር አትነቅልም።

ዘይነባ፦ እንግዲያው እርስዎ ይንቀሉልኝ፣ አባዬ።

ይመር፦ በሐምሌ? አርባሽ ሳይወጣ ብርድ ላስገባብሽ? እናቶችሽ ሁሉ ተዘግቶባቸው ነው የታረሱት።

ዘይነባ፦ ነጃት ማሳል ከጀመረች ሦስት ቀኗ ነው። ጡት ትይዝና ሳሉ ያስለቅቃታል።

ይመር፦ ብርድ ነው አልኩሽ።

ዘይነባ፦ በየት ገብቶ? ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ወትፈውታል።

ይመር፦ ምላስሽ ግን አራስ አልሆነም።

ዘይነባ፦ ጠዋት የጤና ሠራተኛዋ መጥታ የነጃትን ደረት አዳመጠች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። ቁም ሳጥኑን አብረን ሳብነው።

ይመር፦ ማን ሳቡ አላችሁ?

ዘይነባ፦ ይምጡና ይዩት። ከወለል እስከ ወገብ ጥቁር ነው። ሲነኩት ይቦናል።

ይመር፦ ሻጋታ ነው። የጭቃ ቤት ክረምት ሲገባ ይሻግታል። ለዒድ ኖራ እቀባዋለሁ።

ዘይነባ፦ አምናም ቀብተውታል፣ ካቻምናም። ኖራውን ስፍቀው ከሥሩ ያው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉን አልነበር?

ይመር፦ የራሴን ተረት በራሴ ላይ።

ዘይነባ፦ የሚያፈሰው ቆርቆሮ ይደፈን፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ግድግዳው በበረኪና ይታጠብ ብላለች። ነጃት ደግሞ ዛሬውኑ ከዚህ ክፍል ትውጣ። ያን ብናኝ እየሳበች የሰጠቻት መድኃኒት ብቻውን አያድናትም።

ይመር፦ በዚህ ክፍል አምስት ልጅ አድጓል።

ዘይነባ፦ መስኮቱ ይከፈት ነበራ። መቼ ነው የመቱት?

ይመር፦ ለአንቺ ለአራስነትሽ ነዋ።

ዘይነባ፦ ምስማሩ ዝጓል፣ አባዬ። በሠላሳ ቀን እንዲህ አይዝግም።

ይመር፦ ክረምት ነው፤ በእርጥበት ምስማር ይዝጋል።

ዘይነባ፦ መቼ ነው?

ይመር፦ እናትሽን ሳል ሲጀምራት።

ዘይነባ፦ ከዚያስ?

ይመር፦ ሲብስባት ጨርቅ ወተፍሁ። ደግሞ ሲብስባት ቁም ሳጥኑን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ብርዱን የማጥርላት መስሎኝ።

ዘይነባ፦ እማዬ በዚያ ብቻ አይደለም የሞተችው። ሐኪሙ ሳንባዋ ድሮም ደካማ ነው ብሎ ነበር።

ይመር፦ አታባብይኝ። ሽማግሌ ነኝ።

ዘይነባ፦ አላወቁማ። ማናችንም አላወቅንም።

ይመር፦ እሷ አውቃለች።

ዘይነባ፦ ምን አለች?

ይመር፦ ሦስት ክረምት ሙሉ፣ «ይመር፣ ትንሽ ብቻ ክፈትልኝ» ትለኝ ነበር። ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት አልኩ። አንድ ቀን እንኳ አልሰማኋት።

ዘይነባ፦ አባዬ፣ ይቀመጡ።

ይመር፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ተቀምጬስ? … አሁን የሳለችው ነጃት ናት?

ዘይነባ፦ እሷ ናት።

ይመር፦ የእናትሽን ሳል መሰለኝ።

ዘይነባ፦ እኔም ሌሊት ሌሊት እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።

ይመር፦ ወደ እኔ ክፍል ውሰጃት። እዚያ ደረቅ ነው፤ አልጋውም ይበቃችኋል።

ዘይነባ፦ እርስዎስ የት ሊተኙ?

ይመር፦ የእኔን ተይው። ጉጠቱን ስጪኝ። እናትሽ የለመነችኝን ለልጅሽ ልክፈትላት።