«ፈርሞ» ያለኝ ወታደር

ሙያ ለመማር ባሕር ማዶ ተሻግሬያለሁ ስላችሁ አትሳቁ፤ ለጎርጎራ ልጅ ባሕር ዳር ያኔ ባሕር ማዶ ነበር። ከተማውን ጣሊያን ይዞታል። አያ ይማም የሚባሉ ጀልባ ሠሪ ሊያስተምሩኝ ተቀበሉኝ። የሚሠሩት በጣሊያኖቹ ወደብ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ጠዋት ጽሕፈት ቤት ወስደውኝ አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ ፈረምሁ። «ቋንቋቸውን እስክትለምድ ጣትህን እንዳትታጠብ፤ እሱ ይናገርልሃል» አሉኝ። ቀትር ላይ ምስማር እንዳመጣ ላኩኝ። የወደቡን በር ገና እንዳለፍሁ ዘብ የቆመው ወታደር ከኋላዬ «ፈርሞ» ብሎ ጮኸ። ፈርሞ ነው ወይ የሚያልፈው ያለ መሰለኝ። አማርኛ ማወቁ እየገረመኝ «አዎ ጌታዬ፣ ፈርሜያለሁ» አልሁና መንገዴን ቀጠልሁ። «ፈርሞ» አለ ደግሞ፤ ጠመንጃውን ሲያቀባብል ሰማሁ። ያላመነኝ መስሎኝ ጣቴን ላሳየው ዞሬ ወደ እሱ መራመድ ጀመርሁ። አፈሙዙ ደረቴ ላይ ተነጣጥሯል። ይኼኔ አያ ይማም መዶሻቸውን ጥለው እየሮጡ «አንተ ልጅ፣ ቁም! በቋንቋቸው ቁም ማለቱ ነው» አሉኝ። ጣቴን እንደቀሰርሁ ቆምሁ። ወታደሩ ጠመንጃውን እስኪያወርድ አልተነፈስሁም።

ጣሊያን ከወጣ ከስንት ዘመን በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቤ የምስክርነት ቃሌን ሰጠሁ። ስጨርስ ዳኛው «ፈርሞ ይሂድ» አሉ። ሰው ሁሉ ሲጠብቀኝ እኔ ንቅንቅ አላልሁም። ከ«ፈርሞ» በኋላ ያሉትን አልሰማሁትም።