ዘይነባን ያስጠራሁ ቀን

ባለቤቴ በስተርጅና መርሳት ሲያበዛ መካነ ሰላም ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ «እናቴ፣ የመርሳት በሽታ ነው። ሰሞኑን እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሽማግሌዎች በዝተዋል» አለኝ።

«ሁሉም የፈቷትን ሚስት ነው የሚጠሩት?» አልኩት።

የኔው እኮ ቀኑን ሙሉ «ዘይነባ፣ ዘይነባ» ነው። እኔን ከማግባቱ በፊት የፈታት ሴት ናት። ቅናቱ አንጀቴን ሲያሳርረኝ፣ ማርጀቷን ይይና ይተዋት ብዬ ከአቀስታ አስጠራኋት።

መጣች። ትክ ብሎ አያትና ወደ እኔ ዞረ። «ዘይነባ፣ እንግዳ መጥታለች፤ ምሳ አቅርቢላት እንጂ» አለኝ።

ምሳውን አቀረብኩ። ስታለቅስ «አብሽሪ» እያልኩ እስከ መኪናው ሸኘኋት። ስሟ ግን እኔ ጋ ቀረ። «ዘይነባ» ሲል «አቤት» እላለሁ፣ ዛሬም እየቀናሁ።